የልጅህ ሁለተኛ ስም አንተ ነህ



ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት አባት መስጂዱ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ አምስተኛ ቀኗ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ፊቱ ግን ይስቃል። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለና ስልኩን አወጣ።

በስሟ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተዋል። ሐያት ነው። «ማሻአላህ፣ ሕይወት ማለት ነው፣ ጥሩ መርጣችኋል» አልኩት። «እሱስ አልቋል ኡስታዝ፣ የቸገረን ሁለተኛው ስም ነው» አለኝ። ስልኩ ላይ ከአርባ የማያንሱ ስሞች ተደርድረዋል። ሐያት ሪታጅ፣ ሐያት ሊያን፣ ሐያት ጀነት እያሉ፣ የትኛው ከሐያት ጋር እንደሚሄድ ጮክ ብለው እየጠሩ ሲሞክሩ ሦስት ሌሊት አሳልፈዋል።

«ያንተ ስም ማን ነበር?» አልኩት። ነገረኝ። እዚህ ትክክለኛ ስሙን አልጽፍም፤ ይመር እንበለው። የሱም ስም እንደ ይመር ሁሉ አያቶቻችን ሲጠሩበት የኖሩ የሀገር ስም ነው።

«እንግዲያው ሁለተኛ ስሟ ይመር ነዋ!» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። «ኡስታዝ፣ ሐያት ይመር ሲባል የገጠር ሰው ስም አይመስልም? መሃል ላይ አንድ የሚያምር የዐረብኛ ስም ብናስገባ ይሸፍነዋል ብለን ነው።»

ይሸፍነዋል! ወላሂ ሌሊቱን ሙሉ ይህቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። የሰው ልጅ ነውሩን ይሸፍናል፣ ቁስሉን ይሸፍናል። ይህ ልጅ ግን ሊሸፍን የፈለገው ራሱን ነው። የገዛ ልጁ ስም ላይ ራሱን!

ይህን የምጽፈው እሱን ለማሳፈር አይደለም፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። የምጽፈው እሱ ብቻውን ስላልሆነ ነው። የዐቂቃ ጥሪ ላይ፣ የመድረሳ ምዝገባ ላይ፣ የኒካሕ ወረቀት ስንጽፍ፣ «ሁለተኛ ስም» የሚባል ነገር ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። በተለይ በሴቶች ልጆች ላይ። የወንድ ልጅ ሲሆን አባትየው ስሙ እንዲቀጥል ይፈልጋል። የሴት ልጅ ስም ግን እንደ ጌጥ ታየና መሃሉ ላይ ሌላ ጌጥ ይፈለግለት ጀመር።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። የሴት ልጅህ ሁለተኛ ስም የሚመረጥ ነገር አይደለም። አላህ መርጦ ጨርሶታል። አንተ ነህ።

መሃሉ ባዶ ነው ያለህ ማን ነው?

በመጀመሪያ ይህ «የመሃል ስም» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ እንይ። በምዕራቡ ዓለም ሰዎች በመጨረሻ ላይ የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም አላቸው። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች ሁሉም በዚያው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ በልጁ ስምና በቤተሰቡ ስም መካከል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የአያት ስም፣ የሚወዱት ሰው ስም፣ ወይም ለጆሮ የሚጥም ስም ያስገባሉ። ለነሱ አሠራር የሚስማማ ነው፤ አልነቅፋቸውም።

እኛ ጋ ግን መሃሉ ባዶ አይደለም። ሐያት ይመር አሊ ስንል፣ ሐያት የይመር ልጅ፣ ይመር የአሊ ልጅ ማለታችን ነው። ዐረቦች «ቢንት» እና «ኢብን» የሚሉትን እኛ ሳንናገረው ነው የምናልፈው እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ፋጢማ ቢንት ሙሐመድ፣ ዓኢሻ ቢንት አቢ በክር፣ ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ (ረዲየላሁ ዐንሁንና)። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ ሀገር የኖረው በዚህ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤተሰብ ስም ድንጋጌ አስገብቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም።

አሁን መሃል ላይ «ሪታጅ» ን እናስገባ። ሐያት ሪታጅ ይመር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ትሄዳለች። ፎርሙ ሦስት ቦታ አለው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። መዝጋቢዋ ምን ትጽፋለች? ስም፦ ሐያት። የአባት ስም፦ ሪታጅ። የአያት ስም፦ ይመር። ሱብሓነላህ! አባትየው ሴት ሆነ። ይመር የገዛ ልጁ አያት ሆነ። ሽማግሌው አሊ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፉ። ልጅቷ ቤት መጥታ «አባቢ፣ ዛሬ በሪታጅ ስም ጠሩኝ» ስትል ነው ነገሩ የሚገባን።

«ሁለቱንም ስም አንድ ላይ፣ በስም ቦታው እናስጽፋለን» ትሉኛላችሁ። አንዱ መዝጋቢ እንዲያ ይጽፍላችኋል። ሌላው ሁለተኛውን ይተወዋል፣ ሦስተኛው ወደ አባት ቦታ ያወርደዋል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ያ የልደት ሰርተፍኬት ነገ ለመታወቂያ፣ ለፋይዳ፣ ለፓስፖርት መነሻ ነው። አንዱ ላይ ሪታጅ ኖራ ሌላው ላይ ከሌለች «ይህ የሌላ ሰው ወረቀት ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንከራተት የስም ማስተካከያ ፍለጋ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችንን ጠይቋቸው። እዚያ ፎርሙ የመጀመሪያ፣ የመሃል እና የመጨረሻ ስም ስለሚል፣ ሐያት ይመር አሊ ስትመዘገብ አሊ የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ ይመር ወደ መሃል ይገባል። የመሃል ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ስለሚጻፍ «ሐያት ዋይ አሊ» ትሆናለች። ያሳደጋት አባት አንድ ፊደል ሆኖ ቀረ። እነሱ የሀገሩ አሠራር አስገድዷቸው ነው፤ ያማቸዋልም። እኛ ግን እዚሁ ደሴ ተቀምጠን፣ ማንም ሳያስገድደን፣ በገዛ እጃችን አባትን ከልጁ ስም ገፍተን እናወጣለን?

ከዘይድ ስም የበለጠ የሚያምር ስም ነበረ?

ወደ ዲናችን እንመለስ። ዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ) ታውቁታላችሁ። በልጅነቱ ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ። በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ገባ፤ ነፃ አወጡት። አባቱ ሓሪሳ ልጁን ሊወስድ መካ ድረስ ሲመጣ ዘይድ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መቅረትን መረጠ። እሳቸውም ልጃቸው አደረጉት። ሰዉም ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ብሎ ይጠራው ጀመር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ዱንያ ላይ «ሙሐመድ» ከሚለው የበለጠ የሚያምር ሁለተኛ ስም አለ? ያውም ከሌላ ሙሐመድ ሳይሆን ከራሳቸው ከረሱሉላህ! ከዚያ ስም ጋር ሲነፃፀር ሪታጅ ምንድን ናት? ሊያን ምንድን ናት?

ያም ሆኖ አላህ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ አዘዘ፤ እርሱ ዘንድ ፍትሐዊው ይኸው እንደሆነም ነገረን። ዘይድም ወደ ዘይድ ኢብን ሓሪሳ ተመለሰ። ሓሪሳ ነቢይ አልነበረም፣ ንጉሥም አልነበረም። አባቱ ነበረ። በቃ። አላህ ደግሞ ዘይድን ሳይክሰው አልተወውም፤ ከሰሓቦች ሁሉ በቁርኣን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው። እዚያው ሱራ ውስጥ፣ 37ኛው አንቀጽ ላይ።

ቀጥሎ ይህን አስተውሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ይቀይሩ ነበር። የሙእሚኖች እናት ጁወይሪያ ስሟ «በራ» ነበር፤ ጁወይሪያ አሏት። የኡሙ ሰለማ ልጅ ዘይነብም መጀመሪያ በራ ትባል ነበር። የዑመር ልጅ «ዓሲያ» የምትባለውን ደግሞ ጀሚላ አሏት። (እዚህ ላይ አሲያ የምትባሉ እህቶች እንዳትደነግጡ። ያ በ«ዐይን» እና በ«ሷድ» የሚጻፈው፣ አመፀኛ ማለት የሆነው ነው። የእናንተ ስም የፊርዐውን ሚስት የነበረችው የደጓ ሴት ስም ነው። በአማርኛ ስንጽፈው ስለሚመሳሰል ነው የምናገረው።)

የቀየሩት ግን የቱን ነው? የመጀመሪያውን ስም። ጁወይሪያ ቢንት አል-ሓሪስ ሆነች እንጂ «ቢንት አል-ሓሪስ» የሚለው አልተነካም። የሚመረጠው፣ የሚታረመው፣ የሚዋበው የልጁ የራሱ ስም ነው። የአባት ስም ግን ባለበት ቆሟል።

«የአባቴ ስም አያኮራም» ለሚል ሰው ደግሞ ኡሙ ኩልሱም ቢንት ዑቅባን (ረ.ዐ) ላስታውሰው። አባቷ ዑቅባ ኢብን አቢ ሙዐይጥ ማነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ላይ ሳሉ የግመል ሆድ ዕቃ አምጥቶ ጀርባቸው ላይ የጣለው ሰው ነው። ልጁ ግን እስልምናን ተቀብላ፣ ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ከመካ ወደ መዲና ተሰደደች። መዲና ስትደርስ ያንን ስም የሚሸፍን የመሃል ስም አልተፈለገላትም። እስከዛሬ ኪታቡ ላይ ቢንት ዑቅባ ናት፤ ረዲየላሁ ዐንሃም ይባልላታል። ዒክሪማ ኢብን አቢ ጀህልም እንደዚሁ። የሙእሚኖች እናት ሶፊያ ቢንት ሑየይም እንደዚሁ። የአባታቸው ስም ክብራቸውን አልቀነሰውም።

ራሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሑነይን ዕለት፣ ሰዉ ሲበታተን፣ የዐብዱል ሙጦሊብ ልጅ መሆናቸውን ጮክ ብለው ተናግረዋል። ዐብዱል ሙጦሊብ «የሙጦሊብ ባሪያ» ማለት ነው። ዛሬ አንድ ሰው ልጁን እንዲህ ልሰይም ቢለን አብዛኛው ዓሊም አይፈቅድለትም። ነገር ግን ያለፈ አባት ስም ነውና አልደበቁትም። እንግዲህ ወንድሜ፣ ይመር ሽርክ የለበትም፣ ስድብ የለበትም። ለምንድን ነው የምትሸፍነው?

ዐረብኛ አለመሆኑ ነው የከበደህ?

የነገሩ ሥር ይህ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን ኢስላማዊ ስም ማለት የዐረብኛ ስም ማለት ይመስለናል። በመድረሳ ነሕው የቀራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ኢብራሂም ለምን ተንዊን አይቀበልም? ዐጀሚ፣ ማለትም ከዐረብኛ ውጭ የመጣ ስም ስለሆነ ነው። ኢስማዒል፣ ኢስሓቅ፣ ያዕቁብም እንደዚያው። ከዐጀሚ ስም በላይ እንሁን ብንል የነቢያትን ስም ልንተው ነው።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ይህ የኛው ሀገር ታሪክ ነው። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓቦች አንዱ ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ነው። እዚህ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ኋላ ወደ መዲና ስትመለስ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ትንሽ ልብስ መጣላቸውና ልጅቷን አስጠሯት። በእጃቸው አለበሷት። ከዚያም ጥለቱን እያሳዩ «ሰናህ» አሏት። በሐበሻ ቋንቋ ያምራል ማለት ነው። የግዕዙን «ሠናይ» የሚያውቅ ሰው ቃሏን ወዲያው ያውቃታል። ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ ነው።

ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ነቢይ አንዲትን ትንሽ ልጅ ለማስደሰት የሐበሻን ቃል መረጡ። አንተ ደግሞ ሴት ልጅህን ለማስዋብ የሐበሻ ስምህን ትደብቃለህ! ነጃሺስ? ስሙ አስሐማ ነበር፤ ዐረብኛ አይደለም። ሲሞት ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሩቅ ሆነው ሶላተል ጀናዛ ሰገዱለት።

ይመር የሚለው ስም ያለው አያትህ በዚያ የገጠር መስጂድ ጭቃ ረግጠው ፈጅር የሰገዱ ሰው ናቸው። ቁርኣን በሰሌዳ ላይ የቀሩ ናቸው። አንተ ዛሬ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የምትለው በእነሱ በኩል ደርሶህ ነው። የስሙ ድምፅ ለካፌ ወሬ አልመች ስላለህ ብቻ ከልጅህ ወረቀት ላይ ልታስወጣቸው?

ወረቀቱ የማያውቀው አባት

ነገሩ የጌጥና የጆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤት ኒካሕ ልናስር ተጠርተን ሄድን። ኢማማችን ኹጥባውን ሊያደርጉ ተዘጋጅተዋል፤ ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሙሽሪትን መታወቂያ ተቀብዬ የአባቷን ስም ጻፍኩ። ስሙ የተጻፈው ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። «ወሊይዋ እርስዎ ነዎት አይደል?» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ።

በሩ አጠገብ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል። የሰውዬው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከገጠር በሌሊት አውቶቡስ መጥተዋል። የልጅቷ አባት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ትማር ብለው ለወንድማቸው ሰጡ። ወንድምየው ለትምህርት ቤት ምዝገባ እንዲቀል በራሱ ስም አስመዘገባት። በክፋት አይደለም፤ በፍቅር ነው ያሳደጋት። ከዚያ ሚኒስትሪውም፣ መታወቂያውም፣ ፓስፖርቱም በዚያው ስም ሄደ።

«አባባ፣ አባቷ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ልጄ፤ ወረቀቱ ግን አያውቀኝም» አሉኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ከውስጥ ክፍል ሰምታ አለቀሰች። ኢማማችን ሽማግሌውን እጃቸውን ይዘው ከበሩ አስነስተው ከፊት አስቀመጧቸው። ኒካሑን እሳቸው ዳሩ። በቀራነው የሻፊዒ መዝሀብ አባት በሕይወት እያለ፣ ካልወከለው በቀር፣ አጎት ወሊይ አይሆንም። ኒካሑ በምስክር ታሰረ፤ ወረቀቱ ግን ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ሆነ።

ይህ ከመሃል ስም ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አንድ አይደሉም፤ እሱን አውቃለሁ። ልጅን ወደ ሌላ አባት ማስጠጋት በጣም ከባድ ነገር ነው፤ አባቱ አለመሆኑን እያወቀ ወደ ሌላ ሰው ራሱን ያስጠጋ ጀነት እርም እንደሚሆንበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ስም የጨመረ ሁሉ በዚህ ሐዲስ አይነካም፤ በዚህ ላይ ማንንም አልበድልም። የሚያገናኛቸው ግን አስተሳሰቡ ነው። አጎትየው የአባትን ቦታ ለምቾት ሞላው። አንተ ለውበት ልትሞላው ነው። ሁለታችሁም ያ ቦታ ባለቤት ያለው መሆኑን ረስታችኋል።

ያ ቦታ የተንጠለጠለበትን ቁጠሩ። የሴት ልጅ ወሊይ በእሱ ይታወቃል። መሕረሟ በእሱ ይታወቃል፤ በወረቀት የአጎቷ ልጅ ተብላ ያደገችዋ ልጅ፣ የአጎቷ ወንዶች ልጆች በወረቀት ወንድሞቿ ናቸው፣ በሸሪዓ ግን መሕረሞቿ አይደሉም። ውርሷም በእሱ ይታወቃል። አባቷ ሲሞት፣ ወንድ ልጅ ከሌለውና እሷ ብቸኛ ሴት ልጅ ከሆነች ግማሹ የሷ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሁለት ሦስተኛውን ይካፈላሉ፤ ወንድም ካላት የሱን ግማሽ ታገኛለች። አላህ በሱረቱ ኒሳእ የደነገገላት ሐቅ ነው። ፍርድ ቤት ስትቆም ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው «ልጁ መሆንሽን አሳዪ» ተብላ ነው። ያን ቀን የምታሳየው ስሟን ነው። ያን ቀን ሪታጅ አትመሰክርላትም።

ነገ በቂያማ ቀንስ? ሰው በእናቱ ስም ይጠራል የሚል ወሬ ሕዝባችን ውስጥ አለ። ሶሒሕ በሆነው የቡኻሪ ሐዲስ ግን ከዳተኛ ሰው ባንዲራ ሲሰቀልበት «የእገሌ ልጅ የእገሌ ክህደት» እየተባለ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው ብለዋል።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ኡስታዝ፣ ሁለት ስም ሐራም ነው ወይ?» አይደለም። አላህ ሐራም ያላደረገውን ሐራም አልልም። «ሙሐመድ ኑር»፣ «ኑር ሑሴን» እያልን የምንጠራቸው አሉ፤ እነዚህ ተጣምረው አንድ ስም የሆኑ ናቸው። «ፋጡማ ዘህራ» ብለህ በአንድ ትንፋሽ ልትጠራት፣ በአንድ ቦታ ልታስጽፋት ከሆነ ያው አንድ ስም ነው። እኔ የምቃወመው የአባትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ማሰብን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አባትን ለመሸፈን ስም መፈለግን ነው።

«ግን የሚያምር ነገር ልጨምርላት እፈልጋለሁ።» ጥሩ! ለዚህ ሱናው ኩንያ ነው። ቅድም የነገርኳችሁ የሐበሻዋ ልጅ ገና በሰው ትከሻ የምትያዝ ሕፃን ሳለች ኡሙ ኻሊድ ተብላ ነበር የምትጠራው። የአነስ ወንድም ትንሹ ልጅ አቡ ዑመይር ይባል ነበር። እናታችን ዓኢሻ ልጅ ባትወልድም ኡሙ ዐብዲላህ ተብላለች። ልጅህን በቤት ውስጥ ኡሙ እገሌ እያልክ ጥራት። ያምራል፣ ሱና ነው፣ መዝጋቢም አያሳስትም፣ አባትም አያስወጣም።

«እናትስ? ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እሷ፣ ስሙ የአባት?» ይህን አንዲት እህት ጠይቃኝ ነበር፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በእናቱ ስም የተጠራ አለ፤ ዒሳ ኢብን መርየም፣ አባት ስለሌለው። የሌሎቻችን ነሰብ ግን በአባት ነው። የእናት ሐቅ ግን ከዚህ አያንስም፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መልካም አብሮነት ከሰው ሁሉ ማን እንደሚገባው ሲጠየቁ ሦስት ጊዜ እናትን አስቀድመው ነው አባትን የጠሩት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሁለተኛው ስም አንተው ነህና የመጀመሪያውን ለሷ ልቀቅላት። እሷ ትምረጥ፤ ትርጉሙ መጥፎ እንዳይሆን ብቻ አብራችሁ ጠይቁ።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም አንድ ቃል ስሚኝ። አግብተሽ ማግስቱን በማኅበራዊ ገጽሽ ላይ የአባትሽን ስም አጥፍተሽ የባልሽን ስም የምትተኪው፣ ፍቅርሽን ለመግለጽ መሆኑ ይገባኛል። የረሱሉላህ ሚስቶች ግን ከረሱሉላህ የበለጠ ባል ሳይኖራቸው በአባቶቻቸው ስም ኖረው በአባቶቻቸው ስም ነው የሞቱት። ባልሽን በሌላ ነገር ውደጂው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በስሟ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ለድምፁ ብቻ አትምረጡ። ሪታጅ የምትባል ልጅ አባት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብዬው «የጀነት አበባ» አለኝ። ሪታጅ በዐረብኛ ትልቅ በር ማለት ነው። መጥፎ ትርጉም የለውም፤ ግን አባትየው ልጁን በር ብሎ እንደሰየማት ማወቅ ነበረበት። ከስልክ ዝርዝር ይልቅ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከፋጡማ፣ ከከድጃ፣ ከሐሊማ፣ ከሩቂያ፣ ከሱመያ አትሽሹ፤ አያቶቻችን ይዘዋቸው የኖሩ ስሞች ስለሆኑ አርጅተዋል ማለት አይደለም። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃዋን አውጡ፣ ለሴት ልጅ አንድ በግ ነው። ከዚያ በ90 ቀኑ ውስጥ ሄዳችሁ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም በትክክል አስመዝግቡ። የወንድም ወይም የእህት ልጅ የምታሳድጉም በአባቷ ስም አስመዝግቧት። አጅራችሁ አይቀነስም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

ነገ የዚያ ወጣት ልጅ ሰባተኛ ቀኗ ነው። ዐቂቃው ላይ ተጠርቻለሁ። ትናንት ሲለየኝ «ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን» ነው ያለኝ እንጂ እሺ አላለኝም። አላስገድደውም። ነገር ግን ልጅቷን ሲያሳቅፉኝና ስሟን ሲነግሩኝ «የማን ልጅ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ አባትየው ቀና ብሎ «የይመር» እንዲል አላህን እለምናለሁ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። በቤታቸው ርቀው የሚያድጉትንም ከአባቶቻቸው ጋር ያገናኝልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ስም ሊያወጣ የተዘጋጀ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ፣ ሼር አድርጉለት።